አማን ኢዘዲን ከሥራ ስለ መቅረቱ

ለሰንበሌጥ የእህል ማበጠሪያና ማከማቻ ድርጅት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ወንድሙ
ወልድያ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? የወልድያው ብርድ፣ የቢሮው ደረጃ፣ የስብሰባው ብዛት አልጎዳዎትም ወይ? የመርሳ ሙቀት እኛን ብዙም አልጎዳንም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁላችንም በሕይወት አለን፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። የምጽፍልዎ ስለዚያ አንድ ሰው ነው። ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

እኔ ዮርዳኖስ ሀብቴ እባላለሁ፤ በመርሳው መጋዘን የሰው ሀብት ባለሙያ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ አምና በዓመቱ መዝጊያ የምስጋና ወረቀት ሲሰጡኝ «ዮዲት፣ በርቺ» ያሉኝ ሴት ነኝ። ከዚህ በፊት ስለዚሁ ጉዳይ ሦስት ጊዜ በውስጥ ማስታወሻ ጽፌልዎ ሦስቱም «ታይቷል» የሚል ማኅተም አርፎባቸው ተመልሰውልኛል። መታየታቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ይኼኛው ደግሞ በሌሎችም ሰዎች ይታይ ብዬ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ለጋዜጣም ልኬዋለሁ። በየስብሰባው «ግልጽ እንሁን» ይሉን የለ? ትእዛዝዎን ለመፈጸም ትንሽ ዘግይቼ እንደሆነ ነው እንጂ ድፍረት አይደለም።

የአዲስ ሠራተኛ አቀባበላችን ደሴ ላይ በተደረገው ስብሰባ ለሌሎች ድርጅቶች በምሳሌነት መቅረቡን፣ ለእርስዎም ቆመው ያጨበጨቡልዎ መሆኑን ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት። ይህንን አቀባበል በወረቀት ላይ ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ከጭብጨባው ድርሻ አለኝ፤ ድርሻዬን ግን ብቻዬን መሸከም ከብዶኛል። ስለዚህ አቀባበላችን ያስገኘውን ውጤት በቁጥር ለይቼ ላቅርብልዎ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ አያ አብዱልሐሊምን ዝም ስላሰኙልን እናመሰግናለን።

አያ አብዱልሐሊም መጋዘኑ ሲተከል ጀምሮ የነበሩ፣ ዛሬ በር ላይ የሚቀመጡ ጺማቸው የነጣ ዘበኛዎ ናቸው። እኛ ኦረንቴሽን የምንለውን ነገር በፊት የሚሰጡት እርሳቸው ነበሩ፤ ማንም አልመደባቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። አዲስ ሰው ሲገባ እጁን ይዘው ግቢውን ያዞሩታል። በማበጠሪያው ቀበቶ አጠገብ ቆመው ዮናስ የሚባል ልጅ በሰፊ እጅጌው ምክንያት ሦስት ጣቶቹን እንዴት እንዳጣ ይነግሩታል። በኩንታሉ ክምር ሥር ቆመው ሁሪያ የምትባል ሴት ክምሩ ተንዶባት እግሯ ከተሰበረ ወዲህ እንዴት እንደምትሄድ ራሳቸው እያነከሱ ያሳዩታል። በመጨረሻ ሳይሎ ከምንለው ከረጅሙ የቆርቆሮ ጎተራ ፊት ያቆሙትና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሁሉም ያንኑ አንድ ቃል ይሉታል፦ «እዚህ ውስጥ ደምሴ ሞተ። ማሽኑ ከታች እህሉን ሲስብ ከላይ ያለው ማሽላ መሬት ይመስላል፤ መሬት አይደለም።»

ከዚያ እርሳቸው በራሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፤ አዲሱ ሰው ክርስቲያን ከሆነ «አንተም በራስህ በልለት» ይሉታል፣ እርሱም ነፍስ ይማር ይላል። እኔ የመጀመሪያ ቀኔን ያሳለፍኩት በዚህ ዓይነት ነው። ምሳዬን መብላት አቅቶኝ ነበር። ነገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ነጠላዬን ሳልጠቀልል በዚያ ቀበቶ አጠገብ አልፌ አላውቅም። ለምን ሰውን እንዲህ ያስደነግጣሉ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ካለ፣ የኋላው ከሌለ የለም የፊቱ ብለው ይመልሱለትና ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

እርስዎ ከአዲስ አበባ ያስመጧቸው አማካሪ ግን ይህንን ሰምተው ደነገጡ። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሞት መስማት እንደሌለበት፣ የመጀመሪያ ቀን የደስታ ቀን እንደሆነ፣ ሙታንን የሚያስጎበኝ ድርጅት በዓለም ላይ እንደሌለ አስረዱን። እኔም በጣም ተስማማሁ፤ እንዴት አልስማማ፣ አማካሪዋ ሴትዮ ገለጻቸው እንደ ወተት የጠራ ነበር! «በቃል የሚሰጥ ያልተፈቀደ ገለጻ ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን» የሚለውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አያ አብዱልሐሊም ዓረብኛ እንጂ የአማርኛ ፊደል ስለማይለዩ አንብቤ ያሰማኋቸውም እኔ ነኝ። ጨርሼ ቀና ስል «እሺ ልጄ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለአንድም አዲስ ሰው ቃል አልተነፈሱም፤ ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው መሆናቸውን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ማስታወቂያውን ባልጻፍኩ። አማን የገባ ቀን በር ላይ ሆነው እንዳዩት፣ ከመቀመጫቸው እንደተነሡ፣ ከጭንቅላታቸው በላይ የተለጠፈውን የእኔን ማኅተም አይተው መልሰው እንደተቀመጡ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እርሳቸው እስከ ዛሬ አልወቀሱኝም። ጠዋት ጠዋት ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንደ ባለሥልጣን ሰላም ይሉኛል፤ በዚያ በር ማለፍ የሚያስፈራኝ ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በአያ አብዱልሐሊም ምትክ ስለሰጡን አሥራ ስድስት ስላይዶች እናመሰግናለን።

ስላይዶቹ እጅግ ያማሩ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ የእርስዎ ፎቶግራፍ አለ፤ በሁለተኛው ላይ እርስዎ ከእንግዶች ጋር አሉ፤ በሦስተኛው ላይ የድርጅቱ ራእይ፣ በአራተኛው ተልእኮ፣ በአምስተኛው እሴት፣ በስድስተኛው ደግሞ ራእዩ፣ ተልእኮውና እሴቱ በአንድ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ሳይሎው ዘጠነኛው ላይ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ነጭ ሄልሜት አድርጎ በሳይሎ ፊት ይስቃል፤ ከሥሩ «ደህንነት ከሁሉ ይቀድማል» ይላል። ከሁሉ ሲቀድም ዘጠነኛ ላይ መቀመጡ ትሕትናውን ያሳያል።

አማን ኢዘዲን ከሌሎች አምስት ጋር ስላይዱን ሊያይ አዳራሽ የገባው በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከግራና ከተማ ወዲያ ካለ መንደር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ዕድሜው ሃያ ሦስት፣ ዓይነ አፋር። ጥያቄ አለ ወይ ስላቸው ሌሎቹ ስለ ደመወዝና ስለ ፈቃድ ጠየቁኝ፤ እርሱ ከኪሱ ከግቢው ያነሳትን የማሽላ ፍሬ አውጥቶ «ይኼ የአምና ነው አይደል? ከየት መጣ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አላውቅም ከማለት ይልቅ ወደ ስድስተኛው ስላይድ አለፍኩ፣ በዚያው መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ለማሽን ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ስላዘዙን አላስነሣንም። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ እኔ፣ የምሳ ሰዓት ስለተቃረበ፣ «የቀረውን በራሳችሁ ታነቡታላችሁ» አልኳቸው። በየት እንደሚያነቡት አልነገርኳቸውም፤ ስላይዶቹ ያሉት በእኔ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። መስኮቱ በኩንታል ክምር ስለተጋረደ «ሙሉ ሥልጠና ወስጃለሁ» የሚለውን ወረቀት የፈረሙት በስልክ መብራት ነው። መብራቱን ለአምስቱም ይዞ ያቆየላቸው አማን ነበር፤ የእርሱን ፊርማ ደግሞ እኔ አበራሁለት። ያ ወረቀት ዛሬ በወልድያው መዝገብ ቤት በክብር ተቀምጧል።

ሦስተኛ፣ ስለ ዘጠነኛው ቀን።

እዚህ ላይ የማመሰግንበት ቃል ስላጠረኝ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ። አማን በሥራው በዘጠነኛ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሳይሎው ውስጥ ያለው የአምናው ማሽላ እርጥበት ስቦ ከላይ ስለጋገረ፣ ወጥቶ ቅርፊቱን በዱላ እንዲሰብር በፈረቃ መሪው ታዘዘ። ፈረቃ መሪው ክፉ ሰው አይደለም። ከአራት ወር በፊት የተቀጠረ ነው፤ እርሱም የተማረው በእኔው ስላይድ ነው። ከታች ማሽኑ እየሠራ ነበር። ማሽኑ ከታች ሲስብ ቅርፊቱ ከላይ እንደቆመ ይቀራል፣ ከቅርፊቱ ሥር ግን ባዶ ይሆናል። ይህንን በግቢው ውስጥ ለአዲስ ሰው የሚነግር አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም በር ላይ እንዳይናገር ታዝዞ ተቀምጦ ነበር።

አሁን የምጽፈውን እባክዎ በጥሞና ያንብቡልኝ። የግራና ገበሬ እህሉን በጉድጓድ ያስቀምጣል። ጉድጓዱ ተከፍቶ አየሩ ከወጣለት በኋላ ላዩ ጋግሮ ከተገኘ አንድ ሰው ይገባና በተረከዙ እየረገጠ ይሰብረዋል፤ በጉድጓድ ውስጥ ከሥር የሚስብ ነገር ስለሌለ ማንም አይሰምጥም። ደግሞ ያ አገር እህልን በጫማ አይረግጥም። አውድማ የሚገባ ሰው ጫማውን ከዳር ያወልቃል፤ ነውር ነው፣ በረከት ያርቃል። አማን ይህንን ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ከአቶ ኢዘዲን ተምሯል። ስለዚህ መሰላሉን ወጥቶ የሳይሎው አፍ ላይ ሲደርስ የሰጠነውን ሴፍቲ ጫማ አወለቀ፣ አንዱን ከሌላው ጎን አስተካክሎ አስቀመጠ፣ ቢስሚላህ ብሎ ገባ። ይህንን ያየው ከታች የቆመው ኩንታል ተሸካሚ ነው። ጫማው ላይ ዓይኑ እንዳለ፣ ልጁ የለም።

ቆርቆሮውን ቆርጠን ለማውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ከዐስር ሶላት በፊት በመንደሩ ተቀበረ።

አራተኛ፣ ስለ አጭር የጽሑፍ መልእክቱ። ይህንን ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን ብተወው ደሴ ላይ ያቀረቡት ሪፖርት ጎደሎ ይሆንብዎታል።

ከወልድያው ቢሮ ለአዲስ ሠራተኞች በራሱ የሚላከው የእንኳን ደህና መጡ መልእክት ሥራ ከገቡ በአሥረኛው ቀን ግድም ነው የሚደርሰው። አማን በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት በሴቶቹ በኩል ተቀምጬ ነበር። ስልኩ በእህቱ በኢብቲሳም እጅ ነበር፤ ጮኸ። የድርጅታችንን ስም ስታይ የሐዘን መግለጫ መሰላት፣ እናቷም «ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አንቢው፣ ሰዉ ይስማ» አሏት። ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «ክቡር አማን ኢዘዲን፣ እንኳን ወደ ሰንበሌጥ ቤተሰብ በደህና መጡ። ከእኛ ጋር ረጅም ዘመን እንደሚቆዩ እናምናለን።»

ሴቶቹ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በጨዋነት መልሰው ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአሻራ መመዝገቢያው ጠዋት አሻራውን ስለማያገኝ በየሥራ ቀኑ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ «አማን ኢዘዲን፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተዋል» የሚል መልእክት ይልክለታል። ሦስት ወር ሆነው። ከዝርዝሩ ላውጣው ብዬ ስሞክር የክሊራንስ ቅጽ ያስፈልጋል ተባልኩ፤ ቅጹን ደግሞ መፈረም ያለበት ሠራተኛው በአካል ቀርቦ፣ መታወቂያውንና ሄልሜቱን አስረክቦ ነው። በአካል እንዲቀርብ ለማድረግ ያለኝ ሥልጣን ውሱን መሆኑን ገልጬ ጽፌያለሁ። ታይቷል።

በታኅሣሥ ወር ኢብቲሳም ቢሮዬ መጥታ መልእክቱን አስቁሙልን አለችኝ። እሺ ከማለቴ ቆም አለችና ሐሳቧን ለወጠች። እናቷ ወይዘሮ መሪማ ማንበብ አይችሉም፤ ስልኩ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲጮህ ስሙ እንዳለበት ግን ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት ስልኩን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። «ሌላ ስሙን የሚጠራው የለም» ይላሉ አለችኝ። ስለዚህ መልእክቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል፣ እኔ መወሰን አልቻልኩም። ክቡርነትዎ በውሳኔ አሰጣጥ ላይ ሥልጠና እንደወሰዱ ስለማውቅ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

በነገራችን ላይ እኛም ዘንድ ደህና አይደለም። ማሽኑ ሲቆም በሳይሎው ውስጥ ያለው እህል እየተንሸራተተ ይረጋጋል፤ ድምፁ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋው ዓይነት ነው። ዱሮ ማንም አይሰማውም ነበር። አሁን ለቃሚዎቹ ሴቶች ያ ድምፅ እስኪያበቃ ድረስ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፣ እጃቸውም ይቆማል። ፈረቃ መሪው ሥራውን ለቆ ሄዷል። እኔ ወደ መጸዳጃ ቤት ስሄድ በሳይሎው ሥር ላለማለፍ ግቢውን እዞራለሁ። ፈርቻለሁ ብዬ በግልጽ እጽፍልዎታለሁ፤ የምፈራው ግን አማንን አይደለም። «የቀረውን በራሳችሁ ታነቡታላችሁ» ያለውን የራሴን ድምፅ ነው።

አምስተኛው፣ የመጨረሻውም፣ ለቤተሰቡ የተላከው ደብዳቤ ነው፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

የድርጅቱ የምርመራ ቡድን ከወልድያ መጥቶ አንድ ቀን አደረ፤ የመጋዘኑን ሰው ሁሉ አነጋገረ፣ በበሩ ሲገባና ሲወጣ አያ አብዱልሐሊምን ሰላም ብሎ አለፈ። ያነሣው ፎቶግራፍ መነሻም መድረሻም ያቺ ጥንድ ጫማ ሆነች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ልጁ ከሞተ በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ሟች የተሰጠውን የደህንነት ጫማ በገዛ ፈቃዱ በማውለቁ ለደረሰበት አደጋ ምክንያቱ የራሱ የጥንቃቄ ጉድለት መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ደብዳቤ በማኅተም ወጣ። ረቂቁ ከወልድያ መጣልኝ፣ አጽድቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነጠላ ሰረዝ እንኳ አስተካክያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ጫማ በእግሩ ላይ ቢኖርም ይሞት ነበር። ሊያወጡት የገቡት ሁለት ሰዎች ጫማ አድርገው ነበር፤ በገመድ ባናስራቸው ኖሮ እነርሱም ይከተሉት ነበር። ይህንን ለምርመራ ቡድኑ ተናግረዋል፤ በደብዳቤው ላይ ግን የለም። ልጁን የገደለው ማሽኑ ከታች እየሳበ ሳለ እርሱ ከላይ መግባቱ ነው፤ ያስገባውም ማንም ያልነገረው መሆኑ ነው።

ሙት ወቃሽ መሆን በእኛ አገር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሙት መውቀስ ብቻ ቢሆን ግን ሟች አይሰማም፣ እንለፈው እል ነበር። ደብዳቤው የተነበበው ለሕያው ሰው ነው። አቶ ኢዘዲን የልጅ ልጃቸው አንብባ ስታሰማቸው «በገዛ ፈቃዱ» የሚለው ጋ አስቆሟት፣ ድገሚው አሏት፣ ደገመችው። ጫማ ማውለቅን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ቅርፊት በተረከዝ መስበርን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ብለው ደመደሙ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲያ ካላቸው ምን ብለው ይጠራጠሩ? ዘንድሮ አውድማ አልወረዱም። ማሽላቸው ታጭዶ በማሳው ላይ ሰነበተ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ወቃላቸው። ምርቱን ሲያስገቡላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ኢብቲሳም ይህንን ስትነግረኝ እንዳላለቅስ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት እያስተካከልኩ ነበር፤ ወረቀት ማስተካከል መቼም ልማዴ ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ስለ ካሳ አልጻፍኩም፤ እርሱ የሕግ ነው፣ ሕግ ደግሞ የራሱ እግር አለው። እኔ የምለምንዎ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ልጁን የገደለው ጫማው እንዳልሆነ፣ አባቱ ያስተማሩትም እንዳልሆነ፣ ልንነግረው ሲገባን ያልነገርነው እኛ መሆናችንን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በዚያው ማኅተም እንዲወጣ ነው። ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ፤ አባሪ ሆኖ ተልኳል። ሰባት መስመር ነው፣ ከእሴታችን ያጥራል። የፊታችን ሰኞ አሥራ ስምንት አዲስ ሠራተኞች ይገባሉ፤ በእነዚያው ስላይዶች እንድቀበላቸው ታዝዣለሁ። ደብዳቤው እስከ ሐሙስ ከወጣ ራሴ አደርሰዋለሁ። ካልወጣ የማውቀውን በአፌ ይዤ እሄዳለሁ፤ የአፍ ቃል ማኅተም የለውምና ቅር እንዳይልዎ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልዎ በንዴት ነው ብለው እንዳያስቡ። ተናድጃለሁ፣ አዎ። ነገር ግን የንዴቴን ግማሽ ለራሴ አስቀርቼ ለእርስዎ የላክሁት ሌላውን ግማሽ ብቻ ነው።

ፈጣሪ ዕድሜዎን እንደ ስብሰባዎችዎ ያርዝመው፤ ወንበርዎን ያጽናው፤ በሚረግጡበት ሁሉ ከእግርዎ ሥር ያለው መሬት መሬት ይሁንልዎ። አሻራዬ በየጠዋቱ የሚመዘገብ፣ በሕይወት በመኖሬም ከሥራ ያልቀረሁ፣ ታዛዥ ሠራተኛዎ፣

ዮርዳኖስ ሀብቴ
የሰው ሀብት ባለሙያ
መርሳ

ግልባጭ፦
ለአያ አብዱልሐሊም (ተነብቦላቸዋል)

ማስታወሻ፦ ሐሙስ አለፈ። ምላሽ ባይደርሰኝም ዝምታዎ ደርሶኛል፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግራና ሄጄ አቶ ኢዘዲንን ከቤታቸው ደጃፍ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ስለ ሳይሎው፣ ከታች ስለሚስበው ማሽን፣ በስልክ መብራት ስላስፈረምኩት ወረቀት፣ በገዛ እጄ ስለጻፍኩት ደብዳቤ። ርግማን ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን «እንግዲያ እኔ ያስተማርኩት አይደለማ የገደለው» አሉ። አይደለም አልኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ፣ ደግሜ አይደለም አልኳቸው። ከዚያ ራሳቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ወይዘሮ መሪማ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ባላቸው ሲያለቅሱ ገና ማየታቸው እንደሆነ ነገሩኝ።

ሲረጋጉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ አዲሶቹ ሰኞ በስንት ሰዓት ይገባሉ አሉኝ። ሁለት ሰዓት አልኳቸው። «ይነገራቸው» አሉ፤ እርሳቸው ራሳቸው መጥተው ሊነግሯቸው ነው። አያ አብዱልሐሊምም ማስታወቂያዬን ዛሬ ጠዋት በእጄ ቀድጄ ስላነሣሁት ከእርሳቸው ጋር ይቆማሉ። የሚቆሙት ከበሩ ውጭ አስፋልቱ ላይ ስለሆነ የእርስዎ ፈቃድ አያስፈልግም። እርስዎም አዲሶቹን ሊቀበሉ ከወልድያ የሚወርዱ ከሆነ በበሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ያገኛሉ፦ ባለ ነጭ ጺሙ የእርስዎ ዘበኛ ናቸው፣ ሌላው የአማን አባት ናቸው። በፊታቸው ማለፍ ከከበደዎ የኋላው በር ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ይዘዙኝና እከፍትልዎታለሁ።